«የእኛ ሽንት ቤት ሞልቶ አያውቅም» ታዲያ የት ሄደ?

የዛሬው ርዕስ ምግብ እየበላችሁ የሚነበብ አይደለም፤ ስለ ሽንት ቤት ጉድጓድ ነው። ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር «ዶክተር፣ ቤታችን ውስጥ ተቅማጥ በየሦስት ወሩ ይመላለሳል፣ አንዴ አሜባ ነው ይሉናል፣ አንዴ ጃርዲያ፣ መድሃኒቱን ጨርሰን ወር ሳይሞላ እንደገና ይነሳል፣ ምን ይሻላል?» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። እኔም መልሼ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ የግቢያችሁ ሽንት ቤት ለመጨረሻ ጊዜ የተመጠጠው መቼ ነው?

መልሱ አብዛኛውን ጊዜ በኩራት ነው የሚመጣው። «የእኛ? ኧረ የእኛ ሞልቶ አያውቅም! አባባ ያስቆፈሩት ነው፣ ሃያ ዓመት አልፎታል።»

እሺ፣ እንቁጠር። አንድ ትልቅ ሰው በቀን ቢያንስ አንድ ሊትር ያህል ሽንት ይሸናል። ግቢው ውስጥ ከነተከራዩ አሥር ሰው አለ እንበል፤ ይሄ በሾላ አካባቢ ብዙ የሚባል አይደለም። በቀን 10 ሊትር፣ በዓመት 3,650 ሊትር፣ በሃያ ዓመት 73 ሺህ ሊትር ማለት ነው። 8 ሺህ ሊትር የሚይዝ መጣጭ መኪና ዘጠኝ ጊዜ ሞልቶ ይተርፋል። ይሄ ሽንት ብቻ ነው። ዓይነ ምድሩን፣ የገላ መታጠቢያውን፣ ሲለቀቅ በአንድ ጊዜ ከ6 እስከ 9 ሊትር የሚወስደውን የመጸዳጃ ውሃ አልቆጠርንም። ጉድጓዱ ደግሞ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር፣ ጥልቀቱ ሦስት ሜትር ቢሆን የሚይዘው 12 ሺህ ሊትር ነው።

ሌላው የት ሄደ? መሬት ውስጥ ገባ። መሬት መዋጡ ብቻውን ጥፋት አይደለም፣ በትክክል የተሠራ ሴፕቲክም በመጨረሻ ውሃውን የሚሰጠው ለመሬት ነው። ጉዳዩ መሬት ከመድረሱ በፊት ምን ሆኖ ነው የሚደርሰው፣ ከዚያስ ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው።

ብዙ ሰው ሴፕቲክ ታንክ ሲባል ጠለቅ ያለ ጉድጓድ ይመስለዋል። አይደለም። ስሙ እንደሚለው ታንከር ነው፦ ወለሉም ግድግዳውም በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ውሃ የማያሳልፍ፣ መሃሉ በግድግዳ ለሁለት የተከፈለ። ፍሳሹ በመጀመሪያው ክፍል ገብቶ ይረጋጋል። ከባዱ ነገር ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ዘይትና ቅባቱ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ መሃል ላይ ውሃ መሰሉ ይቀራል። የታችኛውን ዝቃጭ አየር የማይፈልጉ ባክቴሪያዎች ቀስ እያሉ ያብላሉታል። የመሃሉ ውሃ ወደ ሁለተኛው ክፍል አልፎ እንደገና ይረጋጋል፣ ከዚያ ወደ መስረጊያ ጉድጓድ (ግንበኞቹ ሶክ አዌይ የሚሉት) ይሄዳል። ለዚህ ሁሉ ፍሳሹ ታንኩ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ቀን መቆየት አለበት። ሰው በዝቶ ታንኩ ካነሰ፣ ወይም ዝቃጩ ቦታውን ከያዘው፣ ጠዋት የገባው ማታ ይወጣል፤ ምንም አልተጣራም ማለት ነው።

አሁን ልብ በሉልኝ። በደንብ የሚሠራ ሴፕቲክ እንኳን ከጀርሞቹ የሚቀንሰው ከአሥር ዘጠኝ ያህሉን ነው። ዘጠና ከመቶ ሲባል ብዙ ይመስላል፣ አይደል? ነገር ግን አንድ ግራም ዓይነ ምድር ውስጥ ያለው ባክቴሪያ በቢሊዮን ነው የሚቆጠረው። ከቢሊዮን ላይ ዘጠና በመቶ ስትቀንሱ መቶ ሚሊዮን ይቀራል። ዋናውን የማጣራት ሥራ የሚሠራው ከታንኩ በኋላ ያለው አፈር ነው። አፈሩ ደረቅና በቂ ውፍረት ያለው ከሆነ ባክቴሪያውን እያጣበቀ፣ እያደረቀ፣ ለሌሎች ነፍሳት እያስበላ ይገድለዋል። ቀጥ ብሎ በድንጋይ ስንጥቅ ከወረደ ግን ማንም አልነካውም።

እዚህ ላይ የእኛ ሰፈር አቀማመጥ ይመጣል። ሾላ ገበያ፣ ከዚያ ወደ ላይ እስከ የካ ተራራና እንጦጦ ግርጌ ያለው ሰፈር ሁሉ ተዳፋት ነው። እንጦጦ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ነው፣ አቃቂ ስትደርሱ ወደ 2,100 ሜትር ትወርዳላችሁ። ውሃ ደግሞ ከላይም ከመሬት በታችም ቁልቁል ነው የሚሄደው። እና «የእኛ ሞልቶ አያውቅም» የሚሉት ከላይ ያሉት ጎረቤት የእርሳቸው ባይሞላም የታችኛው ጎረቤት የአጥር ግንብ ሥር ለምን ሁልጊዜ እንደሚረጥብ ጠይቀው አያውቁም። በተራራው ግርጌ አፈሩ ስስ ነው፣ ትንሽ ሲቆፈር ድንጋይ ይመጣል። ወደ ሜዳው ሲወረድ በብዙ ቦታ ጥቁሩ መረሬ አፈር አለ፤ እሱ ደግሞ ክረምት ውሃ አልቀበልም ይላል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ሁለቱም ለመስረጊያ ጉድጓድ አስቸጋሪ ናቸው፣ አንዱ ቶሎ ስለሚያሳልፍ፣ አንዱ ስለማያሳልፍ።

ቤት ልትሠሩ ከሆነ ግንበኛው ሳይጀምር ራሳችሁ መፈተን ትችላላችሁ። መስረጊያው በሚቆፈርበት ቦታና ጥልቀት ላይ ስፋቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ትንሽ ጉድጓድ አስቆፍሩ። ማታ ውሃ ሙሉበትና አፈሩ ጠጥቶ ይደር። ጠዋት እንደገና ትንሽ ውሃ ጨምሩና በማስመሪያ እየለካችሁ ሰዓት ያዙ። ውሃው 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ለመውረድ ከአንድ ሰዓት በላይ ከፈጀበት ያ ቦታ ለመስረጊያ አይሆንም። ገና ከማፍሰሳችሁ ውልቅ ካለ ደግሞ አትደሰቱ፣ ስንጥቅ አግኝቷል ማለት ነው። በሁለቱም ሁኔታ ያለ መስረጊያ የታሸገ ታንክ አሠርቶ በየጊዜው ማስመጠጥ፣ ወይም ሰፈራችሁ የፍሳሽ መስመር ደርሶት ከሆነ ከውሃና ፍሳሽ ባለስልጣን ጋር ተነጋግሮ መስመሩ ላይ መቀጠል ነው የሚሻለው። መስመር በደጃችሁ እያለፈ ጉድጓድ መቆፈር እኔ በበኩሌ የማይገባኝ ነገር ነው።

አንድ የማልወደው አሠራርም አለ። «ጋሼ፣ ታችኛውን ሳንደፍነው እንተወዋለን፣ እንዳይሞላባችሁ» ይላል ግንበኛው፣ ባለቤቱም ወጪ የቀነሰለት መስሎት ደስ ይለዋል። ወለል የሌለው ሴፕቲክ ሴፕቲክ አይደለም። ተራ ጉድጓድ ላይ ሴራሚክ መጸዳጃ ተቀመጠ ማለት ብቻ ነው። ወለሉ ሲለሰን፣ መከፋፈያ ግድግዳው ሲቆም ቆማችሁ እዩ። ከተደፈነ በኋላ ማንም አያየውም።

አሁን ወደ ሆዳችን እንመለስ። ጉድጓዱ መሬት ውስጥ፣ የምንጠጣው ውሃ ቧንቧ ውስጥ፤ እንዴት ተገናኙ?

በፈረቃ ነው የተገናኙት። ቧንቧው ውስጥ ውሃ በግፊት ሲሄድ ቀዳዳ ቢኖር እንኳ ውሃው ወደ ውጭ ይረጫል እንጂ ከውጭ አይገባም። ፈረቃችሁ አልፎ መስመሩ ባዶ ሲሆን ግን ግፊቱ ይጠፋል፣ አንዳንዴም ወደ ውስጥ ይስባል። በዚያ ሰዓት የተሰነጠቀ ቧንቧ ዙሪያ ያለው እርጥብ አፈር የማን ፍሳሽ ይሁን የማን ወደ ውስጥ ይገባል። ከሦስት ቀን በኋላ ውሃ ሲመጣ ያን ሁሉ ገፍቶ ወደ ሮቶው ያስገባዋል። ለዚህ ነው ውሃ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወርደውን ደፍራሳውን ወደ ሮቶም ወደ ጀሪካንም አታስገቡ የምለው። ለመጸዳጃ ወይም ለግቢ ማጠቢያ አውሉት።

ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1854 ለንደን ሶሆ በሚባለው ሰፈር ኮሌራ ገብቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ600 በላይ ሰው ገደለ። ጆን ስኖው የተባለው ሐኪም ሟቾቹን በካርታ ላይ እያስቀመጠ ብሮድ ስትሪት ላይ ወዳለ አንድ የውሃ ፓምፕ ደረሰ። ብዙ ሰው የሚያውቀው ታሪክ እዚህ ያቆማል። ለእኛ የሚጠቅመው ግን ቀጣዩ ነው። በኋላ ሲመረመር ከፓምፑ አጠገብ ባለው ቤት አንዲት ሕፃን በተቅማጥ ታማ ነበር፣ እናቷም የጨርቅ ማጠቢያውን ውሃ ቤቱ ሥር ባለው የፍሳሽ ጉድጓድ ትደፋ ነበር። ጉድጓዱ ተቆፍሮ ሲታይ ጡቡ ተበላሽቶ ፍሳሹ ይሰርግ ነበር፣ ከፓምፑ ጉድጓድ ጋር ያለው ርቀት ደግሞ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም። አንድ ቤት፣ አንድ የፈረሰ ጉድጓድ። እኛም ሩቅ አይደለንም፤ በ2008 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ አዲስ አበባ የገባውን አተት የማታስታውሱ ያላችሁ አይመስለኝም።

ስለዚህ ርቀት ወሳኝ ነው። በተለምዶ የሚመከረው ከሽንት ቤት ጉድጓድ እስከ ውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ነው፣ ድንጋያማ ተዳፋት ላይ እሱም ላይበቃ ይችላል። 200 ካሬ ግቢ ውስጥ ደግሞ 30 ሜትር ከየት ይመጣል? እንዲህ ያለ ግቢ ውስጥ የተቆፈረ የውሃ ጉድጓድ ካላችሁ ለመጠጥ አታውሉት፣ በተለይ ለጡጦ። ማፍላት ጀርሙን ይገድላል፣ ከሽንት የሚመጣውን ናይትሬት ግን አያጠፋም፣ ውሃው በተነነ ቁጥር እንዲያውም ይጠነክራል። ናይትሬት የበዛበት ውሃ የጡጦ ወተት የሚጠጣ ጨቅላን ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል፣ የልጁ ከንፈርና ጥፍር ሰማያዊ ይሆናል። የመሬት ውስጥ የውሃ ታንከር ያላችሁም ቦታውን አጣሩ። አንዳንድ ግቢ ውስጥ ሴፕቲኩ የመኪናው ቱቦ እንዲደርስ በር አካባቢ ይሠራል፣ የውሃው ታንከርም መስመሩ እንዲቀርብ እዚያው በር አካባቢ። ሁለቱ ጎን ለጎን፣ በመሃላቸው አንድ ብሎኬት! የውሃው ሁልጊዜ ከላይ፣ የፍሳሹ ከታች በኩል መሆን አለበት።

የመጠጥ ውሃን በተመለከተ አጭር መልስ ልስጥ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ ወደ 92 አካባቢ ነው፤ ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ውሃ አጋር የምትጠቀሙ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ክሎሪን ለኮሌራና ለታይፎይድ ጥሩ ነው፣ ለጃርዲያ ግን ደካማ ነው፤ ጃርዲያ የሚመላለስባችሁ አፍሉ። በነገራችን ላይ «ታይፎይድና ታይፈስ ተገኘብኝ» እያላችሁ በየወሩ የምትልኩልኝ ወረቀት አብዛኛው የዊዳል ምርመራ ነው። አንድ ጊዜ የተሠራ ዊዳል ብቻውን ብዙም አያስተማምንም፤ በእሱ ብቻ አንቲባዮቲክ መደጋገም ሆዳችሁን ከማበላሸት ሌላ ጥቅም የለውም። ይሄን ለብቻው ሌላ ቀን እንጽፍበታለን።

መቼ ነው የሚመጠጠው? እስኪገነፍል አትጠብቁ። በየሁለት ዓመቱ ክዳኑ ይከፈትና ረጅም እንጨት ጫፉ ላይ ነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ እስከ ታች ይገባ። ሲወጣ ጥቅጥቅ ያለው ጥቁር ዝቃጭ የደረሰበት ምልክት ጨርቁ ላይ ይታያል። ከጥልቀቱ አንድ ሦስተኛውን ከያዘ መኪና ጥሩ። ለብዙ ቤት ይሄ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ነው። ለመኪናው ወደ ውሃና ፍሳሽ ባለስልጣን በ906 ደውሉ፣ ወይም ወደ ቅርንጫፉ ሂዱ። የግል መኪና ከጠራችሁ ደግሞ የት እንደሚደፋው ጠይቁ። መድረሻው ማጣሪያ ጣቢያ ነው መሆን ያለበት፦ በእኛው የካ ውስጥ ኮተቤ ለብዙ ዓመታት የከተማዋ ዝቃጭ የሚደርቅበት ቦታ ሆኖ አገልግሏል፤ ቃሊቲ ያለው ደግሞ ተስፋፍቶ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲያጣራ የተሠራ ነው። ሹፌሩ «አትጨነቂ እናቴ፣ እዚሁ ቅርብ ነው» ካለ የሚደፋው ወንዝ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ የሚብሰው ግን ራሳችን የምናደርገው ነው። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲወርድ ጠብቆ ማታ ክዳኑን ከፍቶ ወደ ዲች መልቀቅ። የካን የሚቆራርጡት ጅረቶችም ቀበናም ከእንጦጦ ወርደው በመጨረሻ ወደ ትልቁ አቃቂ ነው የሚገቡት፣ ከዚያ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያ አዋሽ። በአቃቂ ወንዞች ዳር ደግሞ ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን በዚያው ውሃ እየጠጣ ይበቅላል፣ ተመልሶም ወደ ከተማችን ገበያዎች ይወጣል። ሾላ ቆማችሁ የምትገዙት ሰላጣ ከየት እንደመጣ ሻጯም ላታውቅ ትችላለች። የወስፋት እንቁላል አፈር ላይ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል፣ በረኪናም ሎሚም አይገድለውም። እኔ ጎመኑንና ቆስጣውን በደንብ ቀቅላችሁ ብሉ እላለሁ፤ በያይነቱ ላይ የምትመጣዋን ጥሬ ሰላጣ ግን፣ አጣቢውን ካላወቅኩት፣ ወደ ዳር ነው የማደርጋት። በሕግም ቢሆን ያልታከመ ፍሳሽ ወደ አካባቢ መልቀቅ ክልክል ነው፤ የብክለት ቁጥጥር አዋጁ ቁጥር 300/1995 ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል።

ወደ ሴፕቲክ ስለማይገቡ ነገሮች በአጭሩ፦ ዳይፐር፣ ሞዴስ፣ ኮንዶም፣ እርጥብ ሶፍት፣ ፀጉር፣ የቡና አተላ። ከሾላ ቅቤ ገዝታችሁ የምታነጥሩ ደግሞ ድስቱን በፈላ ውሃ አጥባችሁ ወደ ሲንክ አትድፉት፤ ቧንቧው ውስጥ ሲቀዘቅዝ እንደ ሻማ ይጋገራል። መጀመሪያ በሶፍት ጥረጉና ሶፍቱን ቆሻሻ ውስጥ ጣሉ። «ጉድጓድ የሚያጎድል» እየተባለ የሚሸጥ ዱቄት፣ እርሾ፣ ምናምን ገንዘባችሁን አታውጡበት። ዝቃጩን የሚያወጣው መኪና ብቻ ነው።

የመጨረሻው ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ነው፣ እባካችሁ ለግቢ ሠራተኛውም ለልጆቹም አንብቡላቸው። ጉድጓዱ ውስጥ ሰው አይግባ። ዝቃጭ ሲብላላ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል፣ የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው እሱ ነው። መጠኑ ሲበዛ ግን አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሽታው የጠፋ ይመስላል፣ ሰውዬውም «አሁን ተነፈሰ» ብሎ ይወርዳል። ሁለት ሦስት ትንፋሽ ብቻ ሊበቃ ይችላል። ከዚያ ላይ ያለው ጓደኛው «ወደቀ!» ብሎ ሊያወጣው ይገባል፣ እሱም ይቀራል። ወንድሙ ሦስተኛ ይገባል። በዚህ ዓይነት አደጋ በዓለም ዙሪያም በአገራችንም በአንድ ጉድጓድ ሁለትና ሦስት ሰው የሚሞተው ለዚህ ነው። ከተመጠጠ በኋላም ጋዙ አለ፣ እንዲያውም የቀረውን ዝቃጭ በአካፋ ሲነካኩት ይበዛል። አፍን በጨርቅ መሸፈን፣ ወተት መጠጣት፣ ወገብን በገመድ ብቻ አስሮ መግባት አያድንም። ክብሪትና ሻማ አስገብቶ «አየር አለው ወይ» ብሎ መፈተንም አደገኛ ነው፣ ሚቴን ስላለ ሊፈነዳ ይችላል።

ሰው ከወደቀ እናንተ አትግቡ። 939 የእሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ነው፣ ወዲያው ደውሉ፤ አምቡላንስ በ907 ጥሩ። ሌላውን ክዳን ሁሉ ክፈቱ፣ ከነፋሱ በላይ በኩል ቁሙ፣ ገመድ ወርውራችሁ ራሱ መያዝ ከቻለ ጎትቱት። ከወጣ በኋላ ወደ ንጹሕ አየር አርቃችሁ ልብሱን አውልቁለት፤ ካልተነፈሰ ደረቱን መጫን የምታውቁ ጀምሩ፣ አምቡላንሱ እስኪደርስም አታቁሙ። ነቅቶ «ደህና ነኝ» ቢላችሁ እንኳ ሆስፒታል ይታይ፤ ሳንባው ላይ ውሃ የሚቋጥረው ከሰዓታት በኋላ ሊሆን ይችላል።